የደወል ቤቱን ማን አቃጠለው?

ከአራት ቀን በፊት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የታኅሣሥ ውርጭ መስኮቱን ነጭ አልብሶት፣ እኔም ጉልበቴን በባና ጠቅልዬ ሻይ እጠጣ ነበር። ዕድሜዬ ገና ወደ አርባ ሲጠጋ ጉልበቴ ቀድሞኝ አርጅቷል። የመንዝ ብርድ አንዴ የገባበት አጥንት መልሶ አይሞቅም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ስልኬ ጮኸ። ከጥላዬ የመጣ መልእክት ነበር።

ጥላዬ አብሮ አደጌ ነው፤ ዛሬ መሐል ሜዳ እንግሊዝኛ ያስተምራል። በዓል ሲመጣ «እንኳን አደረሰህ»፣ ሰው ሲሞት «እገሌ አረፈ» ከመባባል በቀር ብዙ አንጻጻፍም። የዚያን ቀን ግን የአንድ ያረጀ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ፎቶና ያገኘበትን ገጽ አድራሻ ልኮ፣ ከሥሩ እንዲህ ብሎ ነበር፦

«እሸቴ፣ የዱሮ ጨዋታችንን ጽሑፍ አንድ ሰው አስቀምጦት ኖሮ አገኘሁት። የዚያን እሑድ የተባለውን ዛሬ ራሴ አነበብኩት። እዚህ ላይ ‹አላውቅም› ነው የሚለው። አንተ ፋኖስ ነው ብለኸኝ ነበር። ፋኖሱን ከየት አመጣኸው? እማዬ በጣም ደክማለች። የምጠይቅህ ለእሷ ስል ነው።»

ሻዩን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ፊቴን አይታ «ምነው፣ ማን ሞተ?» አለችኝ። «ማንም» አልኳት። ይኸው አራት ቀኔ፣ መልስ አልሰጠሁትም። እንደው ምን ይሻለኛል!

ነገሩ ሚሌኒየሙ ባለፈ በማግስቱ ዓመት ነው። መሐል ሜዳ ላይ እትዬ ብዙነሽ የሚባሉ ሴት ፎቶ ኮፒ ቤት ነበራቸው። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤት አልመጣልህ ብሎኝ፣ እሳቸው ዘንድ ተቀጥሬ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ድንበሬን ገፋብኝ፣ በሬዬን ነዳብኝ፣ መታወቂያዬ ጠፋብኝ፤ የአገሩ ብሶት ሁሉ በእኔ ጣት ያልፍ ነበር። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነው። በዚያ ዕድሜ ሰው የሌላውን ብሶት ሲጽፍ ውሎ የራሱን አያይም።

ኢንተርኔት የሚባለው ነገር የሚደርሰን በገመድ አልባ ስልክ ነበር። ስልኩን መስኮቱ ላይ አውጥተን፣ ነፋስ እንዳይጥለው በድንጋይ አስደግፈን፣ ከኮምፒውተሩ ጋር እናገናኘዋለን። ፎቶ ያለበት ገጽ የከፈተ ሰው ገበያውን ዞሮ ቢመለስ ገና ግማሽ ግንባር ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ያገኘሁት ጨዋታ ሥዕል አልባ መሆኑ በጀኝ። ጽሑፍ ብቻ ነው። «ድልድዩ ዘንድ ደርሰሃል፤ ወንዙ ሞልቷል» ይልሃል። አንተ «እሻገራለሁ» ብለህ ትጽፋለህ፤ እሱ ደግሞ የደረሰብህን ይነግርሃል። በዚያው ሰዓት በየአገሩ የተቀመጡ ሌሎች ሰዎች እዚያው ድልድይ ላይ ቆመው ታገኛቸዋለህ፤ ሰላም ይሉሃል፣ ይሰድቡሃል፣ ጋሻ ስጠን ይሉሃል። ስሙ ረጅም ስለነበር እኛ «ደወሉ» ነበር የምንለው።

በዚያ ዓለም ውስጥ ተራራ ላይ የተቆረቆረች አንዲት ከተማ አለች። የከተማይቱ የደወል ቤት ተቃጥሏል፤ ቀልጦ የረጋው ነሐስ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ማን እንዳቃጠለው ግን የሚናገር የለም። ጉድጓድ ውሃ አጠገብ የምትቀመጥ አሮጊት አለች፤ «ልጅሽ የት ሄደ?» ብለህ ስትጠይቃት «ነፋሱ ሲያልፍ ይመጣል» ትላለች፤ ነፋሱ አያልፍም። ከወፍጮው ሥር ማንም ቁልፍ ያላገኘለት በር አለ። የነገሥታቱ ስም በተቀረጸበት ድንጋይ ላይ ደግሞ አንደኛው ስም ተፍቋል። ተጫዋቾቹ የሚከራከሩበት የተለየ ገጽ ነበራቸው። አንዱ የአሮጊቷ ልጅ ነው ይላል፣ ሌላው ስሙ የተፋቀው ንጉሥ ነው ይላል፤ ዓመታት ተጨቃጭቀው አንዱንም አልፈቱትም።

ጥላዬ ያኔ ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠራው። እሑድ ወፍጮው ሲዘጋ፣ ቅንድቡ ላይ የሰነበተው ዱቄት ገና ሳይለቅቀው ወደ እኔ ይመጣል። ሱቁ ዝግ ስለሆነ እትዬ ብዙነሽ ቁልፉን ይተዉልኛል። በሶ ጭብጦ እየበላን እንጫወታለን፤ ፍርፋሪው የኮምፒውተሩ ቁልፎች መሐል እየገባ ሰኞ ጠዋት ያስወቅሰኝ ነበር። ዱሮ በሶውን ከቤቱ የሚያመጣው ጥላዬ ነበር። የዚያን ዓመት ግን ከእኔ ቤት ነው የሚመጣው። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ጥላዬ ጨዋታውን የያዘው እንደ እኔ ጊዜ ለመግደል አልነበረም። ደብተር ነበረው። በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት የመጽሐፍ ትርጓሜ ሲባል ሰምቶ ስለነበር፣ በዚያው ዘዬ «አንድም አሮጊቷ ታውቃለች፤ አንድም ልጇ ሸሽቷል፤ አንድም ነፋስ ያለችው ሰው ነው» እያለ ይጽፋል። ታሪኩን የጻፈው ሰው ሳይጨርሰው ሊተወው ይችላል ብዬ ብነግረው አልሰማኝም።

«ያለ ምክንያት ቃል አይጣልም» ይለኛል። «ሰው ያቃጠለውን ሰው ያውቀዋል።»

አንድ እሑድ እትዬ ብዙነሽ ቁልፍ ሊወስዱ መጥተው ምን እንደምናደርግ ጠየቁን። ነገርናቸው። ከት ብለው ሳቁ። «ላም አለኝ በሰማይ! በአገራችሁ የተቃጠለ ጠፍቶ ነው በሌለ አገር ለተቃጠለ ቤት የምትጨነቁት?» አሉ። ከዚያ ትዝ አላቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ጥላዬ ደብተሩን ዘጋ።

በአገራችን የተቃጠለው የነጥላዬ ክምር ነበር። የሁለታችንም መንደር ከዘመሮ ከተማ ወዲያ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ታኅሣሥ ላይ፣ የገብርኤል ማግስት፣ ከአውድማው ዳር ተከምሮ መወቃት የቀረው ገብሳቸው ሁሉ አንድ ከሰዓት ውስጥ አመድ ሆነ። የዓመቱ ቀለብ፣ የሚቀጥለው ዓመት ዘር፣ ሁሉም። ጥላዬ የመምህራን ኮሌጅ ሊገባ ደርሶት ነበር፤ ተወውና ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ለቤቱ እህል ይልክ ጀመር።

ክምሩን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

ሆን ብዬ አይደለም። ለገብርኤል ንግሥ አገር ቤት ሄጄ በማግስቱ ወደ ከተማ እየተመለስኩ ነበር። ከተማ ገብቼ ሲጋራ ለምጃለሁ፤ ለእኛ አገር ልጅ ሲጋራ ማጨስ ከሌብነት የማይተናነስ ነውር ነው። ነፋሱ ከባድ ስለነበር ከክምሩ ጀርባ ተጠልዬ ለኮስኩ። ጣልኩት፣ ረገጥኩት፤ የረገጥኩት መሰለኝ። ዳገቱን ወጥቼ ዞር ስል ጭስ አየሁ። ወዲያው እሪታው ተሰማ። ያን ጊዜ ሮጬ ብመለስ ምን ነበረበት? አልተመለስኩም። አንገቴን ደፍቼ እግሬ አውጭኝ ብዬ ወደ መሐል ሜዳ ገሰገስኩ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያ ዳገት ግን አልተረሳኝም።

ጥርጣሬው ያረፈው አያ ወንድይፍራው በሚባሉ ጎረቤታቸው ላይ ነው። በአረም ወቅት ከጥላዬ አባት ጋር በድንበር ተጣልተው፣ ንዴት ይዟቸው «ዘርተህ አትብላው!» ብለው ነበር። ሰው እሳቸውን ለመጠርጠር ይኼ ቃል በቃው። ደቦ ሲጠሩ የሚሄድላቸው ጠፋ፣ ሰንበቴ ላይ ጽዋው አልፏቸው ይሄዳል፣ «እንዴት አደራችሁ» ሲሉ ሰው አጎንብሶ ያልፋል። ሽማግሌዎች እንደ ዱሮው አውጫጭኝ ጠርተው ነበር። አውጫጭኝ የሚባለው፣ ጥፋት ሲጠፋ ያገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ አጥፊው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ፈርቶ በአደባባይ መናገር ያልቻለ በምስጢር ይናገራል፤ እሱም «ወፍ» ይባላል፣ ስሙ አይነሳም። ነገር ግን ዘመኑ ተለውጧል፣ ፖሊስና ፍርድ ቤት አለ ብሎ ግማሹ ሰው ቀረ። የመጣውም ከብቴ፣ ገበያዬ እያለ እኩለ ቀን ሳይሞላ ተበተነ። እኔ «ሥራ ይዞኛል» ብዬ ልኬ ቀረሁ።

«እስከ ማታ ቢቀመጡ ኖሮ ይወጣ ነበር» ነው የጥላዬ ነገር ሁሌ።

መጋቢት ላይ፣ ጾሙ መሐል፣ አንድ እሑድ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «እሸቴ፣ አውጫጭኝ እንጥራ» አለኝ።

«የት?»

«እዚሁ ደወሉ ውስጥ ነዋ! ተጫዋቹን በሙሉ የተቃጠለው ቤት ፊት እንሰብስበው። እስኪወጣ ማንም አይሂድ።»

«ፈረንጅ ምኑን ያውቃል አውጫጭኝ?»

«እንንገረዋ!»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይኼ ከወጣ የእኛም እንደሚወጣ አምናለሁ፤ እታገሣለሁ» አለ። «ካልወጣ ግን የሚጠበቅ ነገር የለም ማለት ነው። አባቴ አርጅቷል። ፋሲካ ሲያልፍ ከአያ ወንድይፍራው በራሴ እጅ አወጣዋለሁ።» የሚቀልድ መሰለኝና ዓይኑን አየሁት። የሚቀልድ ሰው ዓይን አልነበረም። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ነገር የት እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን።

ጥሪውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከሁለታችን እንግሊዝኛ የምሻለው እኔ ስለነበርኩ። በሚቀጥለው እሑድ ከቀትር በኋላ ሠላሳ የሚያህሉ ሰዎች የተቃጠለው ደወል ቤት ፊት ቆመው አገኘናቸው። ጥላዬ ደስታውን አልቻለውም። «በል፣ ወፍ የሆነ ስሙ አይነሳም በላቸው» አለኝ። አልኳቸው። «የትኛዋ ወፍ?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ወፍ ፍለጋ ጫካ ሄደ። ስሙን በአማርኛ ስንመልሰው ቀይ ቀበሮ የሚባል ደግሞ፣ የጓሳ ሜዳችን ቀበሮ ይመስል፣ «ሽልማቱ ምንድን ነው?» እያለ አስቸገረን።

«ሽልማት የለውም በለው። አሁን ቃሉን ንገራቸው» አለ ጥላዬ፤ እሱ እየነገረኝ እኔ ጻፍኩ። ያየህ፣ የሰማህ፣ ያደረግህ ተናገር። ደብቀህ የሄድክ እንደሆነ ዘርህ አይጽና፣ እሳትህ ይጥፋ። በገዛ ጣቴ ነው የጻፍኩት። ጎኔ ላይ ተቀምጦ በሶ የሚያላምጠው ጥላዬ ነው። እጄን ብብቴ ውስጥ ስወሽቅ አይቶ «በረደህ?» ብሎ ጋቢውን ደረበልኝ።

ጠበቅን። አንዱ ምሳ ደርሶብኛል ብሎ ሄደ፣ አንዷ ልጄ አለቀሰ ብላ ሄደች። ስድስት ሰባት ሰው ሲቀር በሌሎቹ ስሞች ላይ የሌለ ምልክት ያለበት አዲስ ስም ታየ። ጨዋታውን ከሠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ነበር። ረዥም ነገር ጻፈ። «የደወል ቤቱን የጻፈው ጓደኛዬ ነበር» ይላል። «ማን እንዳቃጠለው ብዙ ጊዜ ጠይቄው ፈገግ ብሎ ያልፈኛል። አምና ሞተ። ወረቀቱን ሁሉ አገላብጬ ምንም አላገኘሁም። እኔም አላውቅም፤ ከእንግዲህም ማንም አያውቅም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«ምን አለ? ምን አለ?» ጥላዬ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ።

ያን ጊዜ ልናገር ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ከዚያ አያ ወንድይፍራው ታዩኝ፣ የጥላዬ ዱላ ታየኝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ራሴ ታየሁኝ።

«ፋኖስ ነው አለ» አልኩ። «የደወል ጠባቂው ፋኖስ። ነፋስ ጣለው። ሆን ብሎ ያቃጠለው ሰው የለም።»

«ጠባቂውስ?»

«አፍሮ ዝም አለ።»

ጥላዬ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ምነው ቢናገር!» አለ። «ማን ይጨክንበት ነበር?»

እኔ ጽሑፉን ወደ ላይ ገፍቼ ኮምፒውተሩን አጠፋሁ።

አያ ወንድይፍራው ከሞት ተረፉ፤ ለዚህ ነው የዋሸሁት እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አጽናናሁ። ግን ውሸት ብቻውን አይቀመጥም፤ የሚያርፍበት ሰው ይፈልጋል። ጥላዬ ያን ሳምንት ነፋስ፣ ነፋስ ሲል ሰነበተና የክምሩን ቀን እንደገና ያስበው ጀመር። እናቱ እማማ አስካለ የዚያን ዕለት ምድጃቸው ጠፍቶባቸው ከጎረቤት ፍም በገል ይዘው በአውድማው ዳር አልፈው ነበር። ያገሩ ሴት ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ማንም ልብ አላለውም። ጥላዬ ቤት ሄዶ ጠየቃቸው። እሳቸውም ፍሙ ትዝ ብሏቸው ባሉበት ቁጭ አሉ።

በዳግማይ ትንሣኤ አገር ቤት ነበርኩ። እማማ አስካለ ትልቅ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው፣ ሰው ሁሉ እያየ አያ ወንድይፍራው ደጅ ሄደው ወደቁ። «እኔ ነኝ! የገዛ እህሌን ያቃጠልኩ እኔ ነኝ፤ እርስዎን በሐሰት አስኮነንኩ!» እያሉ። አያ ወንድይፍራው ድንጋዩን አንሥተው ወረወሩት። «ተነሺ አስካለ፣ ተነሺ! እግዜር ይፍታሽ፤ እኔም ያን ክፉ ቃል መናገር አልነበረብኝም» አሉ። ሰው ሁሉ አለቀሰ። ጥላዬ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ሰው እንደ ደግ ልጅ ቆጠረኝ። በማግስቱ አያ ወንድይፍራው የዘር ገብስ በአህያ ጭነው መጡ፤ ነገሩም አለቀ ተባለ።

ለእማማ አስካለ ግን አላለቀም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የገብርኤል ማግስት ቤታቸው እሳት አይነድም። በዚያ በመንዝ ታኅሣሥ ደረቅ ቆሎ ቆርጥመው፣ ባናቸውን ተከናንበው፣ ከጠፋው ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው ይውላሉ። ንስሐ አባታቸው እንኳ «ይብቃዎት» ቢሏቸው «ያቃጠልኩትን እኔ አውቃለሁ» ነው የሚሉት። አንድ ዓመት ሄጄ አይቻቸዋለሁ። «ግባ እሸቴ፣ ዛሬ የሚሞቅ ነገር የለንም፤ ይቅር በለኝ» አሉኝ። ይቅር በለኝ አሉኝ!

ጨዋታው በዚያው ዓመት ተዘጋ። ጥላዬ መልሱን አግኝቻለሁ ብሎ ከዚያ እሑድ በኋላ አልተመለሰበትም ነበር፤ ኮሌጁን ገባ፣ እንግሊዝኛውን ተማረ፣ ከእኔ አለፈ። አያ ወንድይፍራው ካረፉ ሰነበቱ። ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር።

ጥላዬ በላከልኝ ገጽ ላይ ሰዎቹ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲከራከሩ አየሁ፤ የአሮጊቷ ልጅ ነው፣ የለም ንጉሡ ነው። አሳዘኑኝ። የእነሱን የሚያውቀው ሰው ሞቷል፤ ቢጠይቁም አይፈረድባቸውም። የእኛን የሚያውቀው ግን በሕይወት አለ፤ ሻይ ይጠጣል፣ ጉልበቴን አመመኝ ይላል። አውጫጭኙ ለእኔ ያን እሑድ አልተበተነም። ይኼን ሁሉ ዓመት ሜዳው ላይ ተቀምጬ ነው የኖርኩት። ደከመኝ።

ዛሬ የገብርኤል ማግስት ነው። ጠዋት ተነሥቼ ውርጩን አየሁ፤ ከዚያ ከዘመሮ ወዲያ ያለችው ጎጆ ታየችኝ። ስልኬን አነሣሁና ለጥላዬ እንዲህ ብዬ ላክሁለት፦

«ፋኖስ አልነበረም። ሲጋራ ነበር፤ የእኔ ነው። ከእናንተ ክምር ጀርባ የለኮስኩት። እኔን እንደፈለግህ አድርገኝ፤ ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። አሁን ግን ሩጥና ለእማማ አስካለ እሳት አንድድላቸው።»